ጠባብ ቤት ውስጥ ያለች ድመት ሳትሰለች እንድትኖር፦ ከየት ይጀመራል?

ድመታቸው ሶፋ የምትቧጭርባቸው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትቀሰቅሳቸው፣ አልጋ ላይ የምትሸናባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ነው»። ቤቱ ጠባብ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው መጀመሪያ መጫወቻ ይገዛል። ድመቷ ሁለት ቀን ትጫወትበታለች፣ በሦስተኛው ቀን ሶፋ ስር ይረሳል። አሸዋዋ፣ ማለትም የምትጸዳዳበት ሳጥን፣ ካልተመቻት፣ የምትወጣበት ከፍታና የምትደበቅበት ቦታ ከሌላት፣ መጫወቻ ብቻውን ምንም አይሠራም።

ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ሥሩ። ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ አትሞክሩ። ድመት ቤቱ በአንድ ጊዜ ሲገለባበጥባት ትጨነቃለች። በአንዱ ለውጥና በሚቀጥለው መሃል ሦስት አራት ቀን ስጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ የትኛው እንደረዳም ታውቃላችሁ። ከደረጃ 1 እና 2 በስተቀር፤ እነዚያ ለነገ አይባሉም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስት ቀን ተመልከቱ

ከደረጃ 1 እና 2 በቀር ምንም አትግዙ፣ ምንም አታንቀሳቅሱ። ወረቀት ያዙና እነዚህን ጻፉ። የት ትተኛለች? እንግዳ ሲመጣ የት ትገባለች? ስንት ሰዓት ላይ ትሯሯጣለች? የምትቧጭረው የቆመ ነገር ነው ወይስ ወለል ላይ የተነጠፈ? በቀን ስንት ጊዜ ትሸናለች?

ይህች ወረቀት በኋላ ብዙ ገንዘብ ታድንላችኋለች። መጋረጃ ለምትቧጭር ድመትና ምንጣፍ ለምትቧጭር ድመት የሚገዛው አንድ አይደለም። እግረ መንገዳችሁንም ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጭራዋ መነሻ ያለውን ርዝመት በሜትር ለኩ። ደረጃ 3 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ብዙ መተኛቷ አያስደንግጣችሁ። ጤነኛ ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ልትተኛ ትችላለች። በተፈጥሮዋ የምትነቃቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው።

ደረጃ 1፦ ሕመም አለመሆኑን አረጋግጡ

ባህሪዋ ድንገት ከተለወጠ መሰልቸት ነው ብላችሁ አትለፉት። ከአሸዋው ውጭ መሽናት፣ ቀኑን ሙሉ መደበቅ፣ ስትነካ መናከስ፣ ትወጣበት የነበረ ቦታ ላይ መውጣት ማቆም የሕመም ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ጥንቃቄ፦ ወንድ ድመት አሸዋው ላይ እየተመላለሰ ቢያምጥና ሽንት ጠብ ባይልለት፣ የሽንት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ድርቀት መስሎት እስኪነጋ ይጠብቃል። አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሳይታከም ከቆየ ጥቂት ቀን ሳይሞላው ይሞታል።

ድመታችሁ ካልመከነችም ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ያልመከነ ወንድ ግድግዳ ላይ ሽንት ይረጫል፣ ያልመከነች ሴት በወቅቷ ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች። ይህን መደርደሪያም መጫወቻም አይመልሰውም።

ደረጃ 2፦ መስኮትና አደገኛ ነገሮች

ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ዛሬውኑ መስኮቶቻችሁን እዩ። ድመት በእግሯ ታርፋለች የሚለው አባባል ብዙ ድመት አስጨርሷል። ወፍ አይታ ስትዘል ከፍታውን አታሰላም። በእግሯ ብታርፍም መንጋጋዋ፣ ደረቷና እግሯ ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

መስኮት ላይ የሽቦ ወንፊት ግጠሙ። ከዚያ በመዳፋችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ግፉት። ከተነቃነቀ ድመቷንም አይዝም። ከላይ ብቻ ገርበብ ብሎ የሚከፈት መስኮት ደግሞ የባሰ ነው። ልትሾልክ ስትሞክር ወደ ታች ተንሸራታ በሰውነቷ መሃል ትጣበቃለች። ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን እንዲህ ያለውን መስኮት ዝጉት።

ቀጥሎ ቤቱን ዞራችሁ እነዚህን አንሱ፦

- የሊሊ አበባ። ቅጠሉ፣ ዱቄቱ፣ የቆመበት ውሃ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት ይገድላል። ከፍ ብሎ መቀመጡ አይበቃም፣ ከቤት ይውጣ።
- ክር፣ መርፌ፣ ላስቲክ፣ የስጦታ ጥብጣብ። የተዋጠ ክር አንጀት ይሰበስባል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ወጥቶ ብታዩ አትሳቡት፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት።
- የሰው መድኃኒት። አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመት ልትገድል ትችላለች።
- ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት። «ትንሽ ብቻ» ብላችሁ ድመት ላይ አታድርጉ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከማስነሳታችሁ በፊትም ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቃትና ጨለማ ስለሆነ ገብታ ትተኛበታለች።

ደረጃ 3፦ አሸዋውን አስተካክሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጠን። የሳጥኑ ርዝመት የድመቷን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ይሁን። ድመታችሁ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነች ሳጥኑ 67 ገደማ መሆን አለበት። ለድመት ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ከዚህ ያንሳሉ። ትልቅ የልብስ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ግዙና አንዱን ጎን ከወለሉ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት። የተቆረጠውን ጠርዝ በወፍራም ፕላስተር ሸፍኑት፣ እግሯን እንዳይቆርጣት።

ብዛት። ለአንዲት ድመት ሁለት ሳጥን፣ ለሁለት ድመት ሦስት። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ሁለተኛውን መታጠቢያ ቤት አስገቡት። ሁለቱን ጎን ለጎን አታስቀምጡ፤ ለድመት እንደ አንድ ቦታ ነው የሚቆጠረው።

ቦታ። ከምግብና ከውሃ አርቁት። ማሽን አጠገብ አይሁን፤ እየሸናች ሳለ ማሽኑ ካንቀጠቀጠ ዳግም አትመለስበትም። መግቢያና መውጫው አንድ የሆነ ጠባብ ጥግም አይመረጥም፣ በተለይ ሌላ እንስሳ ወይም ልጅ ያለበት ቤት።

አሸዋው። ሽታ የሌለው፣ ደቃቅ፣ ሲረጥብ የሚጠጥር ዓይነት ይሁን። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር። ሽቶ ያለበት አሸዋ ለእኛ አፍንጫ እንጂ ለእሷ አልተሠራም። ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሽታው ይታፈናል። ክዳኑን አንሱና ልዩነቱን እዩ።

ጽዳት። ጠዋትና ማታ በመዛቂያ አውጡ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉውን ድፉና ሳጥኑን በውሃና በቀላል ሳሙና እጠቡ። በረኪና አታፍስሱበት። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ መሄጃ የለውም።

ነፍሰ ጡር ካለች አሸዋውን ሌላ ሰው ያጽዳ። ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጋ በየቀኑ ታጽዳ፣ ከዚያ እጇን በደንብ ትታጠብ። ጽንስ ሊጎዳ የሚችለው የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተሕዋሲ ከድመቷ ዓይነ ምድር ጋር ከወጣ በኋላ ተላላፊ ለመሆን ከ1 እስከ 5 ቀን ስለሚፈልግ በየቀኑ ማጽዳቱ ራሱ ይከላከላል።

ካልሠራ፦

1. ውጭ የሸናችበትን ቦታ ኤንዛይም ባለው ማጽጃ እጠቡ። ተራ ሳሙና ለእኛ ሽታውን ያጠፋል፣ ለእሷ አያጠፋም። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ከነጭራሹ አትጠቀሙ፤ እንደ ሽንት ይሸታታል።
2. የምትሄድበት ቦታ የማይለወጥ ከሆነ ሳጥኑን እዚያው አስቀምጡላት። ለሁለት ሳምንት በትክክል ከተጠቀመች በኋላ በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ወደምትፈልጉት ቦታ ውሰዱት።
3. አሸዋ መቀየር ካለባችሁ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። አንድ አራተኛ አዲሱን ቀላቅሉ፣ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ እየጨመራችሁ ሂዱ።

አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ አትጫኑ፣ አትቆጧት። ከቁጣው የምትማረው እናንተን መፍራትና ተደብቃ መሽናት ብቻ ነው። ሶፋ ኋላ የተገኘ ሽንት የቁጣችሁ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ወለሉ ከጠበባችሁ ግድግዳውን ተጠቀሙ

እኛ ቤትን በወለሉ እንለካለን። ድመት ግን ከፍታውንም ትቆጥራለች። ሰባት ስምንት እርምጃ የማይሞላ ክፍል እንኳ ግድግዳው ላይ ሦስት መደርደሪያ ሲገባ ሌላ ቤት ይሆንላታል።

1. መጨረሻውን መጀመሪያ ምረጡ። የምታርፍበት ቦታ መስኮት አጠገብ ወይም በሩን ከላይ የሚያሳያት ይሁን።
2. ከዚያ ወደ ታች መሸጋገሪያ ሥሩ። በአንዱና በሚቀጥለው መሃል ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑር። ለአሮጊት ድመት ከዚህም ዝቅ አድርጉት።
3. መደርደሪያው ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ላዩን የሚቆነጥጥ ምንጣፍ ቁራጭ ለጥፉበት።
4. ከመፍቀዳችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ክብደታችሁን ጣሉበት። ዘላ ስታርፍ ከተቀመጠችበት ክብደቷ በጣም የበለጠ ነው የሚያርፍበት። አንድ ጊዜ ከተንሸራተተባት ለወራት አትመለስበትም።

ተከራይ ከሆናችሁና ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ ቁም ሳጥኑን ተጠቀሙ። ላዩ ላይ የቆለላችሁትን ሻንጣ አውርዱና ብርድ ልብስ አንጥፉ። ከጎኑ ባለ መሳቢያ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ቀጥሎ ወንበር። ይበቃል። የሚወዛወዝ የመጽሐፍ መደርደሪያ ግን ሳታስሩ እንድትወጣበት አትተዉ።

ካልወጣች፦ አንሥታችሁ አታስቀምጧት። የተኛችበትን ጨርቅ ላዩ ላይ ጣሉ፣ የምትወደውን ቁራሽ በየደረጃው አኑሩ፣ ከዚያ ዞር በሉ።

ደረጃ 5፦ መደበቂያ

አንድ ካርቶን። ሁለት ቀዳዳ ይኑረው፣ አንዱ መግቢያ ሌላው ማምለጫ። ጸጥ ያለ ጥግ አስቀምጡት።

ሕጉ አንድ ነው፦ እዚያ ውስጥ ስትሆን ማንም አይነካትም። ልጆች አይነኳትም፣ እንግዳ አያያትም፣ እናንተም ፎቶ ለማንሳት አትጎትቷትም። ይህ ሕግ ሲከበርላት ከካርቶኑ ውጭ የምታሳልፈው ሰዓት ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ መቧጨሪያ

ድመት የምትቧጭረው ለክፋት አይደለም። ያረጀውን የጥፍሯን ልባስ ታወልቃለች፣ ጀርባዋን ትዘረጋለች፣ መዳፏ ላይ ባሉ ዕጢዎች ሽታዋን ትተዋለች። መከልከል አትችሉም። ቦታውን ማዛወር ግን ትችላላችሁ።

የቆመ ነገር የምትቧጭር ከሆነ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት ምሰሶ ያስፈልጋታል። አጥሮ ሙሉ በሙሉ የማትዘረጋበት ወይም ስትይዘው የሚንገዳገድ ምሰሶ ዋጋ የለውም። ምንጣፍ የምትቧጭር ከሆነ ወለል ላይ የሚተኛ ሻካራ ሰሌዳ ይበቃታል።

አሁን ዋናው፦ ምሰሶውን ከምትቧጭረው ሶፋ አጠገብ፣ እዚያው ክንዱ ጥግ ላይ አቁሙት። አብዛኛው ሰው «አያምርም» ብሎ ጥግ ይደብቀዋል፣ ድመቷም ሶፋው ላይ ትቀጥላለች። የሶፋውን ክንድ ለጊዜው በሁለት ገጽ በሚጣበቅ ፕላስተር ሸፍኑት፤ መዳፏ ሲጣበቅ አትወድም። ምሰሶውን በደንብ ከለመደች ከሦስት ሳምንት በኋላ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር አንቀሳቅሱት።

ጥፍር ማስነቀል አታስቡ። የሚቆረጠው ጥፍሩ ብቻ ሳይሆን የጣቷ የመጨረሻ አጥንት ነው።

ደረጃ 7፦ አደን፣ ምግብ፣ እንቅልፍ

መጫወቻ የሚመጣው አሁን ነው። ጨዋታ ለድመት አደን ነው፣ አደን ደግሞ ቅደም ተከተል አለው፦ ታደባለች፣ ታሳድዳለች፣ ትይዛለች፣ ትበላለች፣ ራሷን ትልሳለች፣ ትተኛለች። መሃል ላይ ካቋረጣችሁት የቀረውን እግራችሁ ላይ ትጨርሰዋለች።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከመኝታችሁ በፊት። የሚያስፈልጋችሁ ዘንግ፣ ክርና ጫፉ ላይ የታሰረ ላባ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ነው።

1. ላባውን ፊቷ ላይ አታወዛውዙ። ራሱን አሳልፎ ለመስጠት ወደ ድመት የሚመጣ አይጥ የለም። ከእሷ አርቁት።
2. ከወንበር እግር ኋላ ደብቁት። ጫፉን ብቻ አሳዩ፣ አቁሙ፣ ትንሽ አንቀጥቅጡ።
3. ስታደባ ታገሱ። ዓይኗ ሰፍቶ ኋላዋን እያወዛወዘች ዝም ካለች እየተጫወተች ነው።
4. በየሁለት ሦስት ሙከራው ትያዘው። በጥርሷ ነክሳ በኋላ እግሯ ትርገጠው።
5. መጨረሻ ላይ እንቅስቃሴውን አዝግሙ፣ እንደደከመ እንስሳ። በድንገት አታቁሙ።
6. ለመጨረሻ ጊዜ ስትይዘው ወዲያውኑ ምግብ ስጧት።

እኔ ራሴ ለሦስት ምሽት ላባ አፍንጫዋ ስር እያወዛወዝኩ «ይቺ ድመት መጫወት አትወድም» ብዬ ነበር። በአራተኛው ምሽት ላባው ሳላስበው መጋረጃ ስር ገብቶ ጫፉ ብቻ ቀረ። ክፍሉን አቋርጣ ስትመጣ አላየኋትም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ መጋረጃው ዋናው የጨዋታ ቦታችን ነው።

በእጃችሁና በእግራችሁ አታጫውቷት። ግልገል ሳለች የሚያስቀው ንክሻ ስትተልቅ ደም ያፈሳል። የሌዘር መብራት ከተጠቀማችሁ መጨረሻውን ከሚጨበጥ ነገር ላይ አሳርፉት፣ ያንን ትያዝ፤ የማይያዝ አደን ያበሳጫታል። ብርሃኑን ዓይኗ ላይ አታሳርፉ። ሲያበቃ ክር ያለውን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉ። የቀሩትን መጫወቻዎችም ሁሉንም አታውጡ። ሦስት አውጡ፣ ሌላውን ደብቁ፣ በየሳምንቱ ቀያይሩ።

ደረጃ 8፦ ምግቡን ሥራ አድርጉት

ድመት በተፈጥሮዋ በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ የምትበላ አዳኝ ናት። ሳህን ሙሉ ደረቅ ምግብ ስታገኝ ግን ሁለት ደቂቃ በልታ ቀኑን ሙሉ ሥራ ትፈታለች። የቀኑን ድርሻ ለክታችሁ በአራት በአምስት ክፈሉት። አንዱን እንቁላል መያዣ ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ በትኑ። ሌላውን በሶፍት መሃል ያለው ካርቶን ውስጥ አድርጉና ጎኑን ቀዳዱት። መጀመሪያ እጅግ ቀላል ይሁን። ካልቻለች ትታው ትሄዳለች።

4 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ከቤት የማትወጣ ድመት በቀን 200 ካሎሪ አካባቢ ይበቃታል። በወር አንድ ጊዜ አቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡና ቀንሱ።

ጥንቃቄ፦ ወፈረች ብላችሁ አታስርቧት። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ካልበላች ጉበቷ በስብ ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሙሉ ቀን ምግብ እምቢ ካለች ለሐኪም ደውሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት የሰው ምግብ አትስጡ። ወተትም አብዛኞቹን ጎልማሳ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል።

ውሃውን ከምግቡ ለይታችሁ ሌላ ጥግ አስቀምጡ። ሰፊ ሳህን ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ሌሊት ስትቀሰቅሳችሁ

ደረጃ 7 እና 8 ከተሠሩ ይህ በአብዛኛው ይቀንሳል። የቀረውን የምትፈቱት ባለመነሳት ነው። አትናገሩ፣ አትቆጡ፣ ምግብ አትስጡ። መጀመሪያ ይብሳል። እስከዛሬ የሠራላት ጩኸት ዛሬ ለምን እንዳልሠራ ግራ ገብቷት አብዝታ ትሞክራለች። በአምስተኛው ሌሊት ተሸንፋችሁ ከተነሳችሁ ያስተማራችኋት አምስት ሌሊት መጮህ እንደሚያዋጣ ነው። ካልቻላችሁ ሰዓት ጠብቆ የሚከፈት የምግብ ዕቃ ግዙ። ያኔ የምትጠብቀው ዕቃውን እንጂ እናንተን አይሆንም።

ያረጀች ድመት ድንገት ሌሊት መጮህ ከጀመረች ግን ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛ ድመት ከማምጣታችሁ በፊት

«ብቻዋን ስለሆነች ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ከላይ ያሉት ሳይስተካከሉ ሁለተኛ ድመት ስትመጣ አንድ የተሰላቸች ድመት በሁለት የተጨነቁ ድመቶች ትተካላችሁ። ከወሰናችሁ ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. አዲሷን የራሷ አሸዋ፣ ውሃና ካርቶን ያለበት የተዘጋ ክፍል አስገቡ። አንድ ክፍል ብቻ ካላችሁ መታጠቢያ ቤቱን ስጧት።
2. የሚተኙበትን ጨርቅ በየቀኑ ለዋውጡ። ሽታ ከመተያየት ይቀድማል።
3. ሁለቱንም በበሩ ግራና ቀኝ መግቡ። ተረጋግተው ሲበሉ ሳህኑን ወደ በሩ አስጠጉ።
4. ከዚያ በሩን ጣት እስኪያስገባ ክፈቱ። ፀጉሯን ካቆመች ወይም ከፉጨች ዝጉትና አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።
5. አንድ ላይ ስታደርጓቸው ለአምስት ደቂቃ ጀምሩ፣ እያጫወታችሁ።

ይህ ሳምንታት ይወስዳል፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ቢጣሉ እጃችሁን መሃል አታስገቡ። ሰፊ ካርቶን በመሃላቸው አስገቡ፣ እይታቸውን ለዩ፣ አንዷን ወደ ክፍሏ ምሩ። በዚያ ቀን ዳግም አታገናኟቸው። በማግስቱም ከበሩ ግራና ቀኝ ከመመገቡ እንደገና ጀምሩ።